በፍራሽ ሠሪው ስቀና የኖርኩበት ዘመን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የክሊኒኩ ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ወንበር ደርድረው፣ ለስላሳና ዳቦ አቅርበው ሸኙኝ። ከመካከላቸው አንዷ ነርስ ተነሥታ የጻፈችውን ንግግር አነበበች። «ጋሼ ታዬ ዝቅ ብሎ ማገልገልን በሥራቸው ያስተማሩን ሰው ናቸው» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ፊቴ ጋለ። አንገቴን ስደፋ ትሕትና መሰላቸውና ጭብጨባው ባሰበት። ያፈርኩት ሙገሳው የሌላ ሰው ስለነበር ነው። ሰውየው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በሕይወት ሳሉ ያ ስም ከእሳቸው ላይ ወርዶ እኔ ላይ እንዲያርፍ ስመኝ ኖሬያለሁ፤ በመጨረሻም ባልጠበቅሁት ቀን ተሰጠኝ። ስለዚህ የሥራ ዘመኔን ስጽፍ ዋናውን ነገር አልደብቅም። እኔ ቀናተኛ ሰው ነበርኩ።

ድሬሰር ሆኜ የሠለጠንኩት በጃንሆይ ዘመን ነው። ያኔ በአንድ ጠቅላይ ግዛት ሐኪም የሚባል ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው፤ ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ አንዳንዴም ጥርስ የሚነቅለው ድሬሰሩ ነበር። መጀመሪያ የተመደብኩት ጅማ ነው። አለቃዬ ፈረንጅ ሐኪም ነበሩ፤ የሚያውቁት አማርኛ «ታጠብ» እና «እንደገና ታጠብ» ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቁስል ላይ የደረቀ ፋሻ ለብ ባለ የጨው ውሃ ሳላርስ ከነካሁ፣ እጄን በፒንሳው ጀርባ ጠቅ ያደርጉኛል። አራት ዓመት እንዲህ እየተመታሁ ሥራዬን አወቅሁ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ፤ አብነት አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ። የዚያኛው አለቃዬ ደግሞ ከቁስል ይልቅ ማኅተም የሚወዱ ሰው ነበሩ። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ትበቃለች፤ ለአንድ ሙሉ ልብስ ግን ዓመት ታስጠብቃለች። ነጭ ጋዋኔን ለብሼ መንገድ ስሻገር ባለሱቁ ሁሉ «ዶክተር!» ይለኛል። አላርማቸውም ነበር።

ወደ ማኅበሩ የወሰደኝ የክሊኒኩ መዝገብ ያዥ ነው። «እሑድ እሑድ ራጉኤል ካስቀደስን በኋላ አንድ ሥራ አለን፤ አንተ ደግሞ እጅ አለህ፣ ለምን አትመጣም?» አለኝ። ማኅበሩ ስም እንኳ አልነበረውም። አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ነን፤ ሸማኔ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ የቤት እመቤት አለች። ሥራው አውቶቡስ ተራ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሕክምና ብለው የመጡ በሽተኞች ስንቃቸው ሲያልቅ በየአልቤርጎው፣ በየርካሽ ማደሪያው ወድቀው ይቀራሉ። እነሱን ማጠብ፣ ቁስላቸውን ማሰር፣ የሚተኙበትን መቀየር፣ የባሰበትን በቃሬዛ ሆስፒታል ማድረስ ነው።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሼ ደስታ ይባላሉ። ጭድ ተራ ፍራሽ እየሞሉ የሚሸጡ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ጸጉራቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ጭድ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። እኔ በመጣሁበት የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም ሰብስበው፣ «ዛሬ የተማረ ሰው አግኝተናል፤ መቀስ እንዴት እንደሚቀቀል፣ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ ያሳየናል» አሉና እሳቸው ራሳቸው ከፊት ቁጭ ብለው እንደ ተማሪ ያዳምጡኝ ጀመር። አንድ ነገር ሲያመልጣቸው «ታዬ፣ እስቲ ድገምልኝ» ይላሉ። ያን ቀን ወደድኳቸው። ቅናቱ የጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

አንዲት ከጎጃም የመጡ እናት ነበሩ፤ ጡታቸው ሥር ያለ ቁስል ለወራት ያሰቃያቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተንበርክኬ፣ ፋሻውን እያራስኩ ክር በክር አንሥቼ፣ መግሉን አጽድቼ አሰርኩላቸው። ጋሼ ደስታ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያደረጉት፣ ሳፋውን ይዘው መቆምና ቆሻሻውን ውሃ ወስደው መድፋት ነው። ስንጨርስ ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ጋሼ ደስታ ዘርግተው፣ «ልጅዎን ይባርክልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው» አሉ። ለእኔ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው አለፉ። እጄ የሠራውን አፋቸው ለሌላ ሰጠ። በመንገድ ላይ ሳስበው፣ ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ሳምንቱን ሙሉ ክሊኒክ ውስጥ ሳስበው ከረምኩ።

ቆይቼ ነው ሴትዮዋ ያዩትን ነገር እኔም ያየሁት። ጋሼ ደስታ የበሽተኛ ክፍል ሲገቡ፣ በር እንኳ ባይኖረው መጋረጃውን ይዘው «ይግቡ» እስኪባሉ ይጠብቃሉ። መንገድ ላይ የወደቀውን ሁሉ «እርስዎ» ነው የሚሉት። ፍራሽ ሲሞሉ ጭዱን በመዳፋቸው እየፈተሹ እሾኹን ይለቅማሉ። ቃሬዛ በደረጃ ሲወርድ ከባዱ የታችኛው ጫፍ ነው፤ እሱን የሚይዙት ምንጊዜም እሳቸው ናቸው። ስብሰባ ላይ እንኳ መጀመሪያ የሚያናግሩት በሳምንቱ ውስጥ ያልተናገረውን ሰው ነው፤ እሳቸው የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም የሚባል ከቀረ።

እኔም እንደሳቸው ልሁን ብዬ ተነሣሁ። እንዲወዱኝ ነበር እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ዕቃችንን የምናስቀምጥባትን ክፍል ቀድሜ ልጥረግ ብዬ አንድ እሑድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄድኩ፤ ጠርገው ጨርሰዋል። በሚቀጥለው አሥራ አንድ ተኩል ሄድኩ፤ መጥረጊያውን ይዘው በር ላይ አገኘኋቸው። ሳይደነቁ መጥረጊያውን አቀበሉኝና፣ «እንኳን መጣህልኝ፣ ወገቤን ይዞኝ ነበር» ብለው ውሃ ሊቀዱ ሄዱ። ጠረግሁ። ሌሎቹ ሲመጡ ክፍሉ ንጹሕ ነው። «ጋሼ ደስታ ዛሬም ቀደሙን!» አሉ። ጋሼ ደስታ «ኧረ ታዬ ነው የጠረገው» ቢሉም ማንም አላመናቸውም፤ ሳቁ። ይህም ትሕትናቸው ሆኖ ተቆጠረላቸው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ። በአደባባይ ላርማቸው ጀመርኩ፤ «ጋሼ፣ ፋሻ እንዲህ አይያዝም»፣ «ጋሼ፣ እጅዎን አልታጠቡም»። ይታጠባሉ፤ ያመሰግናሉ። ያ ደግሞ ይበልጥ ያበግነኛል። በመጨረሻ ከሦስት ከአራት አባላት ጋር በየተራ ሻይ እየጠጣሁ፣ «ማኅበራችን እያደገ ነው፣ ከሆስፒታልና ከማዘጋጃ ቤት ጋር የሚጻጻፍ ሰው ያስፈልገናል፤ ሰብሳቢው ፊደል የቆጠረ መሆን የለበትም ትላላችሁ?» ማለት ጀመርኩ። ወሬው ጋሼ ደስታ ጆሮ ደረሰ። በዓመቱ ስብሰባ ላይ ማንም ሳይናገር ተነሡ።

«ደብዳቤ ሲመጣ ለማስነበብ ሰው ስፈልግ እኔም ታክቶኛል» አሉ። «ታዬ ቢይዘው ምን ይመስላችኋል?»

ሰው ሁሉ እሳቸውንና እኔን እያፈራረቀ አየ። ከዚያ እጁን አወጣ። ሰብሳቢ ሆንኩ። ስልጣኑን ታግዬ ልወስድ ስዘጋጅ እንደ ተራ ዕቃ አቀበሉኝ። በማግሥቱ እሑድ አልቤርጎ ስንገባ፣ የአልቤርጎው ባለቤት እኔን አልፎ ሄዶ፣ «ጋሼ ደስታ፣ ፎቅ ላይ አንድ የታመመ ኩሊ አለ» አላቸው።

ኩሊው ሰይድ ይባላል። ከወሎ የመጣ፣ አውቶቡስ ጣራ ላይ ዕቃ የሚጭን ጠንካራ ሰው ነበር። የሳጥን ምስማር ረግጦ ውስጥ እግሩን ወግቶታል። ቁስሉን አየሁት፤ አፉ ገጥሟል፣ ደርቋል። አጠብሁ፣ አዮዲን ቀባሁ፣ የቁስል ዱቄት ነሰነስሁና ፋሻ ማዞር ጀመርኩ። ጋሼ ደስታ አጠገቤ ተንበርክከው መዳፋቸውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሳረፉ። ቆዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ታዬ፣ ይኼ እግር ከውስጥ ግሏል» አሉኝ ቀስ ብለው። «የረጠበ ጭድ ስትከምር ላዩ ደርቆ ታየዋለህ፤ እጅህን ስትከተው ግን ውስጡ ይፋጃል። ሽታውም ደስ አላለኝም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ብናደርሰውስ?»

አምስት ሰዎች ቆመው ይሰማሉ። ሰይድም ይሰማል።

«ጋሼ፣ ይኼ የሰው እግር ነው፣ ጭድ አይደለም» አልኳቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ትምህርት ቤት የገባሁት እኔ ነኝ። ሰብሳቢውም እኔ ነኝ። በሚቀጥለው እሑድ ፋሻውን እንቀይራለን።»

አሁን እውነቱን ልጻፈው። ሙቀቱ ለእኔም ተሰምቶኝ ነበር። ፋሻውን ሳዞር ጣቶቼ ነግረውኛል። ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ባይሆኑ ኖሮ፣ እኔው ራሴ «ቃሬዛ አምጡ» እል ነበር።

ጋሼ ደስታ እጃቸውን ከእግሩ ላይ አነሡ። «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አሉ። ሳፋውን አንሥተው ውሃውን ሊደፉ ወጡ።

ረቡዕ ከሰዓት በፊት ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ስወጋ ጋሼ ደስታ እየሮጡ ገቡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። «ሰይድ ይቃዣል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል» አሉ። መርፌውን አስቀምጬ ተከተልኳቸው። ቁስሉን ስፈታ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። በጠባቡ የእንጨት ደረጃ በቃሬዛ አወረድነው፤ የታችኛውን ጫፍ ልይዝ ብዬ ነበር፣ ጋሼ ደስታ ግን ቀድመው ይዘውት ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ፋሻውን ገልጦ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህን ቁስል ሸፍኖ አራት ቀን ያስቀመጠው ማነው?» አለ።

ዓይኔን ወደ ቃሬዛው መለስኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ደስታ። «በየቀኑ ሳየው ነበር። ቶሎ ማምጣት ነበረብኝ።»

ሐኪሙ ሰደባቸው። ደንቆሮ አላቸው፤ ሰው የምትገድሉት እንዲህ ነው አላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። የሰይድን እግር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት፤ ነፍሱ ተረፈች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ምን እንደተሰማኝ ብናገር ማን ያምነኛል? ምስጋና አልተሰማኝም። «ይቺንም ወሰዱብኝ» ነው ያልኩት በልቤ። ጥፋቴ እንኳ የእኔ እንዲሆን አልፈቀዱልኝም፤ በእሱም እሳቸው ከእኔ የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ሰይድ ከሆስፒታል ሲወጣ ኩሊነቱ ቀርቷል። ጋሼ ደስታ ወደ ጭድ ተራ ወስደው የፍራሽ አፍ በወስፌና በሲባጎ መስፋት አስተማሩት። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከጓዳ በኩል መኝታ አዘጋጁለት። እኔ ወደዚያ አካባቢ መሄድ ተውኩ። እሑድ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ሰብሳቢ ነኝና ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሆኖም ፋሻ ባነሣሁ ቁጥር መዳፌ ይግላል። ሦስት ወር እንዲህ ቆይቼ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ ጭድ ተራ ወሰደኝ።

ጋሼ ደስታ አልነበሩም። ሰይድ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይሰፋል። ከፊቱ ቆሜ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሙቀቱ እንደተሰማኝ፣ ቀድመው ስለተናገሩ ብቻ እንቢ እንዳልኩ፣ ሐኪሙ ሲጠይቅ ዝም እንዳልኩ።

ወስፌው እጁ ላይ ቆመ። «እሳቸው፣ ታዬ አላወቀም፣ በየቀኑ እያየሁ ያዘገየሁት እኔ ነኝ አሉኝ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አመንኳቸው። ሦስት ወር ሙሉ በሆዴ እንደተቀየምኳቸው ሽሯቸውን ስበላ፣ ቤታቸው ስተኛ ከረምኩ። የሚያስታምሙኝ ጥፋታቸው ከንክኗቸው ነው እያልኩ።» ወስፌውን ፍራሹ ላይ ሰካው። «እግሬን ወሰድክ። እሱ ይሁን። እኒህን ሰውዬ እንድጠላ ያደረግከኝን ግን ምን ልበለው? በል፣ ከፊቴ ሂድልኝ።»

ሄድኩ። በማግሥቱ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ያንኑ ለሁሉም ነገርኩና ሰብሳቢነቱን ለቀቅሁ። ከማኅበሩም እንደምወጣ ተናገርኩ። አንዳንዶቹ ይውጣ አሉ። ጋሼ ደስታ ግን፣ «ሰብሳቢነቱን መልሳችሁ ለእኔ የምትሰጡ ከሆነ እሱ አይወጣም» አሉ። «ቁስል እንደሱ የሚያጥብ የለንም። በሽተኞቹ ምን አደረጉ?»

ስንወጣ ጠብቄ ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ በእርስዎ ስቀና ነው ይህ ሁሉ የሆነው። አሁንም እቀናለሁ። አሁን እንኳ፣ እዚያ ውስጥ ሲናገሩ ቀናሁ።»

ይቅርታ ወይም ተግሣጽ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ትክ ብለው አዩኝና፣ «እኔም አንድ ጥፋት አለብኝ» አሉ። «ሰኞም ማክሰኞም እግሩን አይቻለሁ። ታዬ ሰብሳቢ ነው፣ ቅር ይለዋል ብዬ ዝም አልኩ። ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፍርሃት ነው። ለሐኪሙ የነገርኩት ውሸት አልነበረም።» ጥቂት ከተራመድን በኋላ፣ «ጌታችን እግር ሲያጥብ ጎንበስ ብሎ ነው ያጠበው» አሉኝ። «ጎንበስ ላለ ሰው የሚታየው የሚያጥበው እግር ብቻ ነው። ቀና እያልክ ማን አየኝ ስትል ነው አንገትህ የሚታመም። እስቲ የሰይድን ጉቶ እያየህ እሰርለት፤ እኔ ስይዘው ያመዋል።»

ሰይድ ስድስት ሳምንት ከለከለኝ። በሰባተኛው ጉቶው አመርቅዞ ስለነበር እግሩን ዘረጋልኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። በየሳምንቱ ሄድኩ። ለወራት አንድ ቃል ሳንነጋገር አሰርኩለት። አንድ ቀን፣ «አጥብቀኸዋል፣ ላላ አድርገው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መነጋገር ጀመርን። ይቅር ብዬሃለሁ ብሎኝ አያውቅም። እሑድ እሑድ ግን በክራንቹ እየተደገፈ አልቤርጎ ድረስ ይመጣና ፍራሽ ይሰፋ ጀመር፤ የማኅበሩ ሰዎችም አንተ ከየት ነህ አላሉትም።

ዓመታት አለፉ። የጭዱ አቧራ የጋሼ ደስታን ደረት ጎዳው። አንድ ክረምት አልጋ ላይ ወድቀው ቀሩ። ማኅበርተኛው ሁሉ ቤታቸውን ሞላው፤ ማን ያጥባቸው፣ ማን ውሃ ያቅምሳቸው ተብሎ ሽሚያ ሆነ። እኔ በር አጠገብ ቆሜ፣ ትራሳቸውን የያዘውን ሰው እያየሁ እቀናለሁ። አንድ እሑድ ጠዋት እትዬ አስካለ ወጥተው፣ «ታዬ፣ አንተን ይጠሩሃል» አሉኝ። በሰው መሐል ሳልፍ ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ ያን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መርጠው ጠሩኝ አልኩ።

ተንበረከክሁ። ትንፋሻቸው አጭር ነበር።

«ቀኑ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እሑድ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እነማን ናቸው አውቶቡስ ተራ ያሉት?»

ማንም አልነበረም። ሁላችንም እዚያ ነበርን።

«ትናንት ከሰላሌ አንዲት አሮጊት መጥተዋል አሉ፤ እግራቸው ቆስሏል። ሂድ።»

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ልላክ። ዛሬ ከእርስዎ…»

«ሂድ፣ ታዬ።»

ወጣሁ። በዝናቡ ውስጥ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት፤ ግማሹ ሐዘን ነው፣ ግማሹ እዚያ በቀሩት ላይ ያለኝ ቅናት ነው። አሮጊቷን አገኘኋቸው። መጋረጃውን ይዤ «ይግቡ» እስኪሉኝ ጠበቅሁ። ውሃ አሙቄ፣ ጨው ጨምሬ፣ የቀኝ እግራቸውን ጨርቅ ማራስ ጀመርኩ። ብዙ ቀን የተጣበቀ ነበር፤ ጊዜ ወሰደ። ቀኙን አጥቤ እንደጨረስኩ በደረጃው ላይ የክራንች ድምፅ ሰማሁ። ሰይድ በር ላይ ቆመ። ልብሱ በስብሷል።

«አለፉ» አለኝ።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ከዚያ መጠየቅ የማይገባኝን ጠየቅሁ። «ስለ እኔ ያሉት ነገር አለ?»

ሰይድ አየኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስላወቀኝ አልተቆጣም።

«ስለ አንተ ምንም አላሉም» አለ። «መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ገልጠው፣ የሴትዮዋ እግር ታጥቧል ወይ ብለው ጠየቁ። እኔ ታጥቧል አልኳቸው። ዋሽቼ እንደሆነ አላውቅም።»

በማላውቃቸው አሮጊት ቀናሁ። የዚያን ሰው የመጨረሻ ቃል ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«ገና ነው» አልኩት። «ግራው ቀርቷል።»

ተመልሼ ገባሁ። አሮጊቷ ምንም ሳያውቁ ግራ እግራቸውን ዘረጉልኝ። ሰይድ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠና ሳፋውን ያዘልኝ። ጎንበስ አልኩ።